«ሰሞኔ አይደለም»፦ የወሎ አገልጋይ እንጀራውን ከየት ይበላ ነበር?

ባለፈው ቅዳሜ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እየወረድን ነበር። ሚኒባሱ ሐረጎ ላይ መጠምዘዝ ሲጀምር፣ ከፊታችን የተቀመጡት ነጭ ጥምጥም ያሰሩ መምሬ ስልካቸው ጮኸ። አነሱትና የምስር ዋጋ ጠየቁ። ስንት ኩንታል እንደቀረ ጠየቁ። «ከዚያ በታች እንዳትሰጥ» አሉና ዘጉት። ከመካከላችን ምላሱ የማያርፈው ልጅ፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት፣ «አሁን እኚህ ቄስ ናቸው ወይስ ነጋዴ?» አለ። መምሬ ሰምተውታል። ዞር ብለው፣ ሳይቆጡ፣ «ልጄ፣ ይሄ ሳምንት ሰሞኔ አይደለም» አሉትና መልሰው መንገዱን ማየት ጀመሩ።

እኛም እስከ ኮምቦልቻ ትንፍሽ አላልንም።

እንዳጋጣሚ የምንሄደው ይሄው ጥያቄ ኑሮውን ያናጋበት ጓደኛችን ቤት ነበር። ጓደኛችን ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ አንድ ፋብሪካ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሥራውን ለቀቀ። «የሙሉ ጊዜ አገልጋይ ልሆን ነው» አለን። (የየትኛው እምነት አገልጋይ እንደሆነ አንናገርም፤ ለነገሩ ለምንጽፈው ነገር ልዩነት የለውም።) እኛም ደስ አለን። መሸኛ አዘጋጀን፣ አዋጥተን ጋቢ ገዛንለት፣ ሽማግሌዎች መረቁት፣ አጨበጨብን። ሦስት ዓመት ቆይቶ የአምስት ወር የቤት ኪራይ ተጠራቀመበት፣ ባለ ሱቁ ዱቤ ከለከለው፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ሊያስወጣ ምንም አልቀረውም። ተመልሶ ሥራ መፈለግ ጀመረ።

እኛስ ምን አልን? ግማሾቻችን «እምነቱ ቀዘቀዘ» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «ነግረነው ነበር» አልን (ማናችንም አልነገርነውም)። በመሸኛው ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ «ኪራዩን ማን ይከፍልልሃል?» ብሎ የጠየቀው ግን አንድም ሰው አልነበረም።

የመምሬ መልስ ስላልለቀቀን ወደ ታሪክ ዞርን። ከመካከላችን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያደገም፣ በመስጊድ ግቢ ያደገም አለ፤ ወሎዬ ነንና። ያገኘነው ነገር ሁለቱንም ወገን የሚመለከት ሆነ።

ሰሞንና ሰሞነኛ

«ሰሞኑን» የምንላት ቃል በየቀኑ ካፋችን አትጠፋም። በቤተ ክህነት ቋንቋ ግን ሰሞን የአገልግሎት ሳምንት ነው፤ ተራው የደረሰው ካህን ደግሞ ሰሞነኛ ይባላል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ለአንድ ቅዳሴ ቢያንስ 5 ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ 2 ቀሳውስትና 3 ዲያቆናት። አንድ ደብር አገልጋዮቹን በሦስት ምድብ ቢከፍል ቢያንስ 15 ሰው ይፈልጋል ማለት ነው። አምስቱ ሰሞን ሲገቡ አሥሩ ወጥተዋል።

የወጡት የት ናቸው? ማሳቸው ላይ ናቸዋ! የገጠሩ ቄስ ሚስት ያገባ፣ ልጆች የወለደ፣ በሬ የጠመደ ሰው ነው። ከጎረቤቱ ገበሬ የሚለየው በጥምጥሙ፣ በመስቀሉና በሰሞኑ ነው። በቀረው ጊዜ ዝናብ ሲዘገይ አብሮ ይጨነቃል፣ አንበጣ ሲመጣ አብሮ ያባርራል።

ለዚህ አገልግሎት ደግሞ መሬት ተመድቦለት ነበር። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ለቄሱ፣ ለዲያቆኑና ለደብተራው በየድርሻቸው የሚሰጠው መሬት «የሰሞን መሬት» ይባል ነበር። ስምምነቱ ግልጽ ነው፤ እስካገለገልክ ድረስ መሬቱ የአንተ ነው። ካላገለገልክ ወይ ምትክ ታስገባለህ ወይ ትለቃለህ። «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» የሚለውን አባባል ሁላችንም ሰምተናል። አባባል እንጂ የመሬት ልኬት አይደለም። ሆኖም አንድ እውነት ይዟል፤ አገሬው ቀዳሹን የማብላትን ነገር ለቀዳሹ ብቻ አልተወውም ነበር።

እዚህ ላይ ያለፈውን ዘመን ገነት አድርገን እንዳንስለው እንጠንቀቅ። ምትክ ማስገባት የተፈቀደ በመሆኑ፣ መሬቱን የሚይዘው አንድ ሰው፣ ሰሞን የሚገባው ሌላ ሰው፣ የሚያርሰው ደግሞ ሦስተኛ ሰው የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነበር። ሦስተኛው ሰው ከሁሉም ያነሰ ይበላል። የመሬት ጥያቄ ሲነሳ ተማሪዎቹ በቤተ ክህነት ላይም የጮኹት በከንቱ አልነበረም።

ቢሆንም የሰሞን ሥርዓት አንድ ነገር አስተምሮናል። መሠዊያው የሙሉ ጊዜ ነው፤ ሰውየው ግን በተራ ነው። የእግዚአብሔር ቤት አንድም ሳምንት አገልጋይ አያጣም፤ የአገልጋዩም ቤት ዓመቱን ሙሉ አባወራ አያጣም። እኛ በከተማ «የሙሉ ጊዜ» ስንል ግን መሠዊያውን ሳይሆን ሰውየውን ነው የሙሉ ጊዜ ያደረግነው።

የሐይቅ መነኮሳትና የንጉሥ እጅ

«መነኮሳቱስ? እነሱ ዓለምን ንቀው የወጡ የሙሉ ጊዜ አገልጋዮች አይደሉም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ናቸው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ሐይቅ እስጢፋኖስን እንይ።

አባ ኢየሱስ ሞአ ይህን ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን (እ.ኤ.አ.) ትልቅ የትምህርት ማዕከል አደረጉት። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ራሳቸው እዚያ እንደተማሩ ገድላቸው ይናገራል። ኢየሱስ ሞአ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ያስጻፉት ወንጌል ዛሬም የታሪክ ተመራማሪዎች ዋነኛ ምንጭ ነው። በዚያ የወንጌል መጽሐፍ ውስጥ የገዳሙ ንብረት ዝርዝር ጭምር ሰፍሮ ይገኛል። ይሄ እንደ ነውር የሚታይ አይደለም። የሚማር ሰው ይበላል፤ የሚበላ ሰው ንብረት ይቆጥራል።

በመካከለኛው ዘመን የሐይቅ አበምኔት «ዓቃቤ ሰዓት» የሚል ማዕረግ ነበረው። ዓቃቤ ሰዓት በቤተ መንግሥቱ ከነበሩት የቤተ ክህነት ባለሥልጣናት መካከል ከፍተኛውን ስፍራ እስከ መያዝ ደርሷል። ማለትም የሐይቁ መነኩሴ ለንጉሡ ቅርብ ሆነ። ንጉሡ ሲሰጥ ገዳሙ ያድጋል። ታዲያ ንጉሡ ሲያጠፋ ማን ይገሥጸዋል?

ይህን ጥያቄ ያነሳነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን (በ14ኛው መቶ ዘመን እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አጋማሽ) እንደ አባ በጸሎተ ሚካኤል ያሉ መነኮሳት ንጉሡን ፊት ለፊት ገሠጹ፣ ከቤተ መንግሥት ስጦታ መቀበልንም ነቀፉ። ዋጋቸው ግዞት ሆነ። በሚቀጥለው መቶ ዘመን ደግሞ የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች (ደቂቀ እስጢፋኖስ የምንላቸው) በእጃቸው ሥራ እንጂ በመንግሥት ጉልት አንኖርም ብለው ተነሡ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የደረሰባቸው መከራ የታወቀ ነው።

እነዚህ ሰዎች የእጅ ሥራን የመረጡት ሥራ ከጸሎት ስለሚበልጥ አይደለም። የሚያበላህ ሰው አንድ ቀን አፍህን ሊዘጋ እንደሚችል ስላወቁ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ቆሮንቶስ ሲገባ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ነው ያስተማረው። የሚገርመው፣ ወንጌልን የሚሰብክ ከወንጌል መኖር ይገባዋል ብሎ አጥብቆ የተከራከረውም እሱ ራሱ ነው። መብቱን አስከብሮ ለሌሎች ተወላቸው፤ ለራሱ ግን አልተጠቀመበትም። ሁለቱን አንድ ላይ ካላነበብናቸው ወይ ስስታም ምዕመን ወይ ሆዳም ሰባኪ እንሆናለን።

ሸሁና ደረሳው

አሁን ወደ ሌላኛው የቤታችን ወገን እንሻገር። ወሎ በ19ኛው መቶ ዘመን (እ.ኤ.አ.) የእስልምና ትምህርት ምድር ነበረች። የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አህመድ እ.ኤ.አ. በ2001 ስለዚህ ዘመን ባሳተሙት መጽሐፍ እነዚህን የትምህርት ማዕከላት አንድ በአንድ ዘርዝረዋቸዋል። ጀማ ንጉሥን ያቋቋሙት ሸህ ሙሐመድ ሻፊ ናቸው። ቃሉ ውስጥ፣ ለኮምቦልቻ ቅርብ የሆነውን ጌታን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1863 ያረፉት ሐጅ ቡሽራ አቀኑት። ዛሬም መውሊድ ሲደርስ ሰው ወደ ሁለቱም ይጎርፋል።

በእስልምና እንደ ክህነት ያለ ሹመት የለም። ሸህ የሚባለው በዕውቀቱ ነው። ታዲያ የወሎ ሸህ በምን ይኖር ነበር? እርሻ ነበረው፤ ደረሳዎቹ እየቀሩ በጎን ያርሱለታል፣ ያርሙለታል። ሙሪዶች ስጦታ ያመጣሉ። ከሸሆቹ መካከልም ነጋዴ ብዙ ነበር፤ እስልምና ራሱ ወደ ደጋው የገባው አንድም በሲራራ ነጋዴ ጀርባ ነውና። ደረሳው ደግሞ ሉሁን ይዞ ከአገር አገር ይዞራል፣ በደረሰበት መንደር ያለ ገበሬ ያበላዋል። ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ዱላውን ለውሻ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ የሚቆመውን የቆሎ ተማሪ ያየ ሰው ደረሳውን ለማወቅ አይቸገርም። የአንድ ገበሬ ሚስት ጠዋት ለአንዱ፣ ማታ ለሌላው ቁራሽ የሰጠችበት አገር ነው አገራችን።

ስለ ክፍያውስ ሊቃውንቱ ምን አሉ? ወሎ ውስጥ ከሻፊዒ መዝሀብ ጋር ጎን ለጎን የኖረው የሐነፊ መዝሀብ ነው። የዚህ መዝሀብ መሪ ኢማም አቡ ሐኒፋ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። የዐባሲዩ ኸሊፋ አል-መንሱር ቃዲ ልሹምዎ ሲላቸው እምቢ ያሉትም እሳቸው ናቸው። የጥንቶቹ የሐነፊ ሊቃውንት ቁርኣን አስተምሮ ደሞዝ መቀበል አይገባም ይሉ ነበር። የኋለኞቹ ግን ፈቀዱ። ምክንያታቸውን ልብ በሉ! ቀድሞ አስተማሪዎች ከመንግሥት ግምጃ ቤት ቀለብ ይሰጣቸው ነበር፤ ያ ሲቋረጥ ያለ ክፍያ የሚያስተምር ጠፍቶ ትምህርቱ ራሱ ሊሞት ሆነ። ስለዚህ ፈቀዱ።

ይሄ የሕግ ለውጥ የእምነት መላላት አይደለም። ሊቃውንቱ ቁጭ ብለው «ይህን ሰው እስካሁን ማን ያበላው ነበር? አሁንስ ማን ያበላዋል?» ብለው በግልጽ መጠየቃቸው ነው። እኛ ለጓደኛችን ያልጠየቅነው ጥያቄ ማለት ነው።

ቦሩ ሜዳ፦ እንጀራ በጥምቀት

የወሎ ታሪክ የሚያበላው እጅ ምን ሊጠይቅ እንደሚችልም አሳይቶናል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ አጠገብ ባለችው ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠሩ። የቤተ ክርስቲያኑ የቅባትና የጸጋ ክርክር በተዋሕዶ አሸናፊነት ተዘጋ። ቀጥሎ የወሎ መሳፍንት እንዲጠመቁ ተደረገ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተባሉ፣ አመዴ ሊበን ኃይለ ማርያም ተባሉ። ሹመት ያለው ወዲያውኑ እንዲጠመቅ፣ ለቀረው ሙስሊም 3 ዓመት እንዲሰጠው ታወጀ።

እንግዲህ ሹመት በዚያ ዘመን እንጀራ ነው። የተጠመቀ ሹመቱን ያዘ፣ ያልተጠመቀ አጣ። ቀን ክርስቲያን ማታ ሙስሊም ሆኖ የኖረ ሰው እንደነበረ በዘመኑ የነበሩ የውጭ ሰዎች ጽፈዋል። ብዙ ሸሆች መንደራቸውን ጥለው ተሰደዱ፤ እንደ ሸህ ጠልሃ ጃዕፈር ያሉት ደግሞ ተቃውሞውን መሩ። የሸሁ እንጀራ ከሹመት ሳይሆን ከደረሳው፣ ከእርሻውና ከሙሪዱ ስለነበር እምቢ ማለት ቻለ፤ በየደረሰበትም የሚያበላው አገኘ። መስፍኑ ግን አልቻለም።

ፍርድ ለመስጠት አይደለም ይህን የምንለው። ሚካኤል የተባሉት ሰው በኋላ ራስ፣ በ1906 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሥ ሆኑ፤ የዛሬዋ ደሴ የወሎ መዲና ሆና የጸናችው በእሳቸው ዘመን ነው። እኛ የደሴ ልጆች ያንን ታሪክ ሁለቱንም ጎን ወርሰነዋል። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፤ እንጀራህ ከአንድ እጅ ብቻ ከመጣ፣ ያ እጅ እምነትህንም ሊጠይቅህ ይችላል።

የካቲት 25 ቀን 1967

አንድ ቀን ሥርዓቱ ሁሉ ተገለበጠ። ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 31 አወጀ። የሰሞን መሬት የሚባል ነገር በዚያች ቀን አበቃ። በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ ቤተ ክርስቲያን ከኪራይ ታገኝ የነበረውም አብሮ ሄደ።

ጭሰኛው ተደሰተ፤ ሊደሰትም ይገባው ነበር። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ፈቀደ፤ ገበሬው ሌላ ሰው ቀጥሮ ማሳረስንም ከለከለ (ለአቅመ ደካሞችና ለመሰሎቻቸው ብቻ ልዩ ሁኔታ ተቀመጠ)። ለገጠሩ አራሽ ቄስ ለውጡ መራራ ቢሆንም የሚዋጥ ነበር። ሞፈር መጨበጥ ያውቃል፤ የገበሬ ማኅበር አባል ሆኖ ድርሻውን ያርሳል፣ ሰሞኑ ሲደርስ ይቀድሳል።

የተጎዳው ዕድሜውን ሙሉ በዜማ ቤት፣ በቅኔ ቤትና በመጻሕፍት ቤት ያሳለፈው ሊቅ ነው። ጉባኤ ዘርግቶ ማስተማር እንጂ ማረስ አያውቅም። ቀጥሮ እንዳያሳርስ ሕጉ አይፈቅድም። የሚያስተምረው የቆሎ ተማሪ ደግሞ ቁራሽ የሚያገኘው ገበሬው ሲተርፈው ብቻ ነው። ወሎ ከአዋጁ በፊት በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ከአዋጁም በኋላ በ1977 ዓ.ም. በረሃብ የተመታች አገር ናት። ገበሬው ራሱ እርዳታ ጠባቂ በሆነበት ዓመት የኔታም ደረሳውም ከማን ይለምናሉ? እስከ ዛሬ ድረስ «የአብነት ትምህርት ለምን ተዳከመ?» እያልን ስንከራከር ዘመናዊነትን፣ ፊልምን፣ ኢንተርኔትን እንከሳለን። ቁራሹ መጥፋቱን ግን እንረሳዋለን።

ደሞዝ የሚባል አዲስ ነገር

ቤተ ክርስቲያን ከአዋጁ 2 ዓመት ቀደም ብላ፣ በ1965 ዓ.ም. በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ የሰበካ ጉባኤን የሚያደራጅ «ቃለ ዐዋዲ» የተባለ ደንብ አውጥታ ነበር። ምዕመኑ በየአጥቢያው ተመዝግቦ አስተዋጽኦ ይከፍላል፤ ካህናትና ምዕመናን በጋራ ያስተዳድራሉ። መሬቱ ሲሄድ የቀረው ምርኩዝ ይሄው ሆነ። ደንቡ ተሻሽሎ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ሆኖም መሬት በገጠርም በከተማም አለ፤ ገንዘብ ግን በከተማ ይበዛል። ስለዚህ የከተማው ደብር ደሞዝ መክፈል ቻለ፣ የገጠሩ አልቻለም። ከገጠር ቤተ ክርስቲያኑ ወደ ከተማ የሚጎርፈውን ካህን «ብር ፈልጎ ነው» ብለን እናማዋለን። እኛስ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም አዲስ አበባ የምንሄደው ምን ፈልገን ነው? በመስጊዱም በኩል ነገሩ ብዙ አይለይም። ኢማሙና ሙአዚኑ ከጀማው መዋጮ የሚያገኙት ትንሽ ነገር ቤት አያቆምም፤ ብዙዎቹ በጎን ሱቅ ወይም ሌላ ሥራ አላቸው። በወንጌላውያኑ ዘንድ ደግሞ «የሙሉ ጊዜ አገልጋይ» የሚለው ስያሜ ጎልቶ ወጣ፤ ከዚያም ከቤተ እምነት ቤተ እምነት ተሻግሮ የሁላችንም መነጋገሪያ ሆነ።

ይሄ የእኛ አገር ጣጣ ብቻም አይደለም። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አንዳንድ የካቶሊክ ካህናት ቱታ ለብሰው ፋብሪካና ወደብ ገቡ። ሠራተኛው ወደ ቤተ ክርስቲያን ስለማይመጣ እኛ ወደ እሱ እንሂድ ብለው ነው። ከሠራተኛው ጋር አብረው ሲያድሙ ቫቲካን ደነገጠች፤ እ.ኤ.አ. በ1954 እንዲያቆሙ አደረገች። እ.ኤ.አ. በ1965 እንደገና ፈቀደች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንዱ ነገር ነውር ሆነ፣ ከዚያ ደግሞ አገልግሎት ሆነ። የእኛ መምሬ ይህን ቢሰሙ «ይሄ ሁሉ ግርግር ለምን? በሰሞን አይገቡም ነበር?» የሚሉ ይመስለናል።

«ታዲያ ሁሉም ሰው ሥራውን ይያዝ፣ በትርፍ ጊዜው ያገልግል ነው የምትሉት?» ብትሉን፣ አይደለም። ቅኔ በትርፍ ጊዜ አይዘለቅም። ነሕውና ፊቅህም እሑድ ከሰዓት በኋላ ብቻ አይቀራም። ዕድሜውን የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል። የዓለም ሥራም ቢሆን ዋስትናው ይሄን ያህል የሚያስመካ አይደለም። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ስንቶቻችን ነን ከእንግዲህ ሥራ አናጣም ያልነው? በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ ፋብሪካዎች ተዘረፉ፣ ወደሙ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አገራችን ከአሜሪካው የአጎዋ የቀረጥ ነፃ ገበያ ተሰረዘች። ደሞዝተኛውም እንደ ቆሎ ተማሪው የሰው እጅ ያየበት ጊዜ ነበር።

እኛ የምንለው ይሄን ነው። በወሎ ታሪክ ውስጥ አገልጋዩ የቆመው ብቻውን በእምነቱ አይደለም። ከኋላው መሬት፣ ወይም በሬ፣ ወይም ሙሪድ፣ ወይም ቁራሽ የምትሰጥ ሴት ነበረች። አገሬው ማን እንደሚያበላው ያውቅ ነበር። እኛ መሬቱ ከሄደ ከሃምሳ ዓመት በኋላም የድሮውን ምርቃት እንመርቃለን፤ የድሮውን ስንቅ ግን አንሰንቅም። ሰውየው ሲወድቅ ደግሞ እምነቱን እንመዝናለን።

ስለዚህ ወዳጃችሁ ነገ «ሥራ ለቅቄ ላገለግል ነው» ቢላችሁ ከማጨብጨባችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁት። ማን ያበላሃል? ያ ሰው በምላሹ ምን ይጠይቅሃል? ሰሞንህ ያልሆነው ሳምንትስ መቼ ነው? መልስ ከሌለው አታስቀሩት፤ መልሱን አብራችሁ ፈልጉለት። ከመካከላችሁ አሥር ሰው በወር የየአቅሙን ቢያዋጣ የአንድ ቤት ኪራይ ይሆናል። ለጋቢው ያዋጣነው እኮ እኛው ነበርን።

ኮምቦልቻ ደርሰን ጓደኛችንን ቤቱ አገኘነው። አሁን ሌላ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ይሠራል፤ ቅዳሜና እሑድ ያገለግላል። ልጁ ትምህርት ቤት ነው። ቡና ተፈልቶ ስንጠጣ የመምሬን ነገር አጫወትነው። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሲኒውን አስቀምጦ ዝም አለና «እኔ እኮ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰሞኔ ያልሆነ አንድም ሳምንት አልነበረኝም» አለን።

ያን ጊዜ ያልነውን ሁሉ አንስተን ይቅርታ ጠየቅነው። ምላሱ የማያርፈው ልጅ ጭምር። «አብሽሩ» አለን፤ ሁለተኛውንም ቀዳልን።